የአብዮት ብስክሌት ለምን አዘገመች

ጎንደር ፒያሳ እየኖረ አብዮትን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ዳቦ አይበላም ማለት ነው። በጠዋት ከዳቦ ቤት ተነሥቶ፣ ከኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ኋላ ባሰረው ሣጥን ትኩሱን ዳቦ ለየሱቁ የሚያደርስ እሱ ነው። የተወለደው ከጎንደር ራቅ ያለችው ድብ ባሕር ነው፤ ያኔ አገሩ ሁሉ «አብዮት፣ አብዮት» ሲል አባቱም ልጃቸውን አብዮት አሉት። ስሙ ከጠባዩ ጋር ገጠመ፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ከሰው ቀድሞ ካልነካው እንቅልፍ አይወስደውም። ዘመኑን በባጃጅ ሲገፋ ቆይቶ የቤንዚን ሰልፍ ቢያንገሸግሸው፣ «እኔ ከእንግዲህ ከማደያ ጋር ተፋትቻለሁ!» ብሎ ብስክሌቲቱን ገዛ። እውነትም ሸጋ ነገር ናት። የቁስቋምን ዳገት ሽው ብላ ስትወጣው ድምፅ እንኳ የላትም።

ታዲያ ይህችው ሸጋ ብስክሌት አንድ ቀን ማዝገም ጀመረች። ሜዳው ላይ የእግረኛ ያህል፣ ዳገቱ ላይማ ወርዶ መግፋት ሆነ። ዳቦው ቀዝቅዞ ይደርሳል። ባለሱቆቹ ሴቶች «አያ አብዮት፣ ምነው? ዳቦውን ዛሬ ከድብ ባሕር ነው እንዴ ያመጣኸው?» እያሉ ይስቁበታል።

አብዮት የራሱን እጅ ይጠርጥር? ወይ ፍንክች! በቀጥታ ሳሙና በር ወዳለው ወደ ወንድምአገኝ ጋራዥ ሄደ። ወንድምአገኝ አብሮ አደጉ ነው፤ ከድብ ባሕር በአንድ የእህል ማኪና ተጭነው የመጡ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩ፣ የሩፋኤልን ጽዋ አብረው የሚጠጡ ማኅበርተኞች ናቸው። ብስክሌቲቱን የነካት መካኒክም እሱ ብቻ ነበር።

«ሰርቪስ አድርግልኝ አልኩህ እንጂ ዕቃ አውጣባት አልኩህ?» ብሎ በደንበኞቹ ፊት ጮኸበት።

ወንድምአገኝ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ዕቃ አወጣህ ነው ያልከኝ?»

«አዎ! አላልኩም አልልም!»

«እንግዲያውስ ካንተ ጋር ጽዋ አልጠጣም» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ አይቀምስም፤ ማኅበር ላይ የአንዱ ቦታ ባዶ ሲሆን ደግሞ ሁሉም ያየዋል። በዚያ ላይ ቀጣዩ ተራ የአብዮት ነው። ድግሱ እሱ ቤት፣ ወንድምአገኝ ግን የለም! ይህን ሲያስበው እህል አልዋጥልህ አለው። ቢሆንም «ተሳስቼ ይሆን?» ከማለት ይልቅ ማስረጃ ፍለጋ ገባ።

ብስክሌቲቱ ከስልክ ጋር የምትገናኝበት አፕ አላት፤ መቼ ምን እንደተደረገላት፣ ባትሪዋ እንዴት እንደሰነበተ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። አብዮት ግን ስልክ ሲቀይር የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ የምትተዳደረውን ልጁን ቤዚን ያዛት።

«ክፈቺልኝ፤ የወንድምአገኝን ጉድ ለሽማግሌ አሳያለሁ።»

«እሺ አባዬ፣ ተረጋጋ።»

ቤዚ ከመቀመጫው ሥር ያለውን የብስክሌቲቱን መለያ ቁጥር አነበበች። በድሮው ሲም ካርዱ ኮድ አስላከችና አዲስ የይለፍ ቃል አወጣች። ብሉቱዙን አብርታ ስልኩን ከብስክሌቲቱ ጋር አገናኘች፤ የሰርቪስ ታሪኳ ተከፈተ። አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ምን ወጥቶባታል?» አለ አብዮት ተንጠራርቶ።

«ምንም። ሞተሯም ባትሪዋም ጤነኛ ነው። ግን ሰርቪስ ከተደረገች ብዙ ዓመት አልፏታል፣ ለወራት በስልክ ባስጠነቅቅም መልስ አጣሁ፣ ለደኅንነት ብዬ ፍጥነቷን ቀንሻለሁ ይላል።»

«የምን ብዙ ዓመት? አምና አይደል እንዴ ያስደረግኋት!»

«እኮ! አባዬ፣ ቀኑን ማነው ያስገባው?»

«ማን ያስገባል? እኔ ነኛ! ወንድምአገኝ እኔ ልሙላልህ ቢለኝ፣ ምን ሆንኩና ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ብዬ!» ደረቱን ነፋ።

ቤዚ ሳቋ አመለጣት። «አባዬ፣ ይሄ የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው። ያንተን ዐሥራ ሰባት የእነሱ አድርጎ ያዘው። ያኔ እኮ ብስክሌቲቱ ገና አልተሠራችም! ሳትወለድ ነው ያሳከምካት።»

ዓመቱን አስተካከለችለት። አብዮት ግቢው ውስጥ ቢሞክራት እንደ ድሮዋ ተፈተለከች፤ አጥሩን ልትጥስ ምንም አልቀራት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያለ ለስንቱ ሲመክር የኖረ ሰው ነው እኮ!

«ደውልለታ» አለች ቤዚ።

«በስልክ? በአደባባይ አዋርጄው በጓዳ ይቅርታ?»

በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል። አብዮት ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ አለና ተወው። ድንጋይ ምን አደረገ! የብስክሌቲቱን ባትሪ ነቅሎ ማጅራቱ ላይ አስቀመጠ። ቀላል አይምሰላችሁ፤ ይከብዳል። እንዲያው በፒያሳ መሃል፣ የዳቦ ደንበኞቹ እያዩት ቁልቁል ወረደ። «አያ አብዮት፣ ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት «ይበለኝ! የእጄን ነው!» እያለ አለፋቸው።

ወንድምአገኝ ባጃጅ ሥር ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው፤ ወጥቶ ቀና ሲል ባትሪውን አየ።

«ይቅር በለኝ» አለ አብዮት መሬት መሬት እያየ።

ወንድምአገኝ እንደ ያኔው እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ምን ዕቃ ጎድሎ ተገኘ?»

«የኔ ጭንቅላት። ዓመቱን በእኛ ጻፍኩት፣ እሱ በፈረንጅ ቆጠረው። አንተ ምንም አላደረግህም።» ባትሪውን ማጅራቱ ላይ አመቻቸ። «ናፈቅኸኝ፣ ወንድሜ።»

ከደንበኞቹ አንዱ ሊስቅ ሲል ወንድምአገኝ ገላመጠው። ጠጋ ብሎ ባትሪውን ከአብዮት ማጅራት አወረደና በሁለት እጁ ታቀፈው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ቀጥሎም፣ «የድግሱ ጠላ ደርሷል?»

«አልተጠነሰሰም» አለ አብዮት ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ። «አንተ በሌለህበት ማን ሊጠጣው?»

«ታዲያ ምን ቆመሃል? ሂድና ጌሾ አስወቅጥ። እመጣለሁ።»