የቀስተኛው ቅልጥም

በስሙ የሚጠራው ሰው ስለሌለ እሱ ራሱ ሊረሳው ምንም አልቀረውም። ሆስፒታሉ ውስጥ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም «ጀሶ» ነው የሚሉት። ሥራው ጀሶ ማሰር ነዋ። ከደረጃ የወደቀ፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ፣ ኳስ ሲጫወት የተሰበረ ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። ፋሻውን ውኃ ውስጥ ነከር፣ ጨመቅ ያደርግና እየዞረ ይጠቀልላል። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይላል፣ በሽተኛው እንዲስቅለት። ጀሶው መድረቅ ሲጀምር ይሞቃል፤ ያኔ ሰውየው ደንገጥ ይላል። «አይዞህ፣ ጤና ነው» ይለዋል። ትውውቃቸው እዚያ ላይ ያልቃል። ከሳምንታት በኋላ ጀሶው ሊቆረጥለት ሲመለስ ያሰረለትን ሰው ፊት አያስታውስም። በመሃል ያን ሁሉ ቀን እንዴት እንደተኛ፣ ማን መጥቶ እንደጠየቀው ጀሶ አያውቅም። ማወቅ ይፈልግ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ማን ይጠየቃል?

ቤቱ ስትገቡ አንድ አልጋ፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛና አራት ወንበር ነው። ላጤ ሰው አራት ወንበር ምን ይሠራለታል? የሚሞሉት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፀጉር አስተካካዩ፣ የታክሲ ሾፌሩና ልብስ ሰፊዋ ለጨዋታ ይመጣሉ። ጀሶ ታሪክ ይተርካል፤ እነሱ ደግሞ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሌባ ነው፣ ልብስ ሰፊዋ ባለ ጎራዴ ናት፣ ሾፌሩ ቀስተኛ ነው። ዘንዶ ይገድላሉ፣ ገደል ይዘላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለየው በየገጹ ቁጥር ያለባትን ጠጠር፣ ዳይስ፣ በመወርወር ነው። ጀሶ ሳምንቱን የሚገፋው ይቺን ከሰዓት እያሰበ ነው።

ጨዋታው የሚመራበት መጽሐፍ ላይ ግን ጀሶን የሚያንገበግበው አንድ ደንብ ነበረ። የቆሰለ ሰው ነጥብ ይቀነስበታል፤ አንድ ሌሊት ከተኛ ነጥቡ በሙሉ ይመለስለታል። ዘንዶ ሲያኝከው ያመሸ ሰው ጠዋት ተነስቶ ዳገት ይወጣል! «አጥንት እኮ ነው፣ ጎማ አይደለም» ይላል ጀሶ። ስለዚህ የራሱን ደንብ ጻፈ። አንዱ ውርወራ ምቱ የት እንዳረፈ ይናገራል፣ ሌላው ምን ያህል እንደከፋ። ሲከፋ ጣት ይቆረጣል፣ ዓይን ይፈሳል፣ አጥንት ይደቃል። ደም የሚፈሰው ሰው በየተራው ይወረውራል፤ ደሙ ካልቆመለት አለቀለት። የተሰበረ ደግሞ እስኪገጥም ድረስ ይተኛል።

መጀመሪያ ወደዱት። የሌባው ሁለት ጣት የተቆረጠ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ጮኸች፤ ፀጉር አስተካካዩ የገዛ ጣቶቹን ቆጠረ። «ኧረ አንተ ሰው፣ በምኔ ልቆርጥ ነው ሰኞ?» አለ። ሳቃቸው ደረጃው ድረስ ተሰማ።

ከዚያ ቀስተኛው ከገደል ወደቀ። ሾፌሩ ወረወረ፤ ቅልጥም። ደግሞ ወረወረ፤ ደቀቀ። እንጨቱ ከየት እንደተቆረጠ፣ እግሩ በምን እንደታሰረ፣ ዋሻው ውስጥ እንዴት እንዳስተኙት ጀሶ ቀስ እያለ ተረከ። እንደዚያ ቀን አሳምሮ ተርኮ አያውቅም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌሎቹ ተራራ ሲወጡ ቀስተኛው ተኝቷል። በሚቀጥለውም እንደተኛ ነው። ጀሶ ግን ተራራውን ትቶ ወደሱ ይመለሳል።

«ዛሬ እብጠቱ ቀንሷል። ጣትህን ታንቀሳቅሳለህ?»

«ላንቀሳቅስ» ይላል ሾፌሩ እያዛጋ። «ወንድሜ፣ ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። እዚህ ደግሞ መጥቼ ልተኛ?»

በሦስተኛው ቅዳሜ ሾፌሩ ቀረ።

«አንተ ልጅ፣ ሰውየውን አድነውና ይምጣ እንጂ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጨዋታ እኮ ነው።»

«እትዬ፣ አጥንት እኮ...»

«እንግዲያ እኛንም ሰባብረንና ብቻህን አስታመን» አለ ፀጉር አስተካካዩ። እየሳቀ ነው ያለው። ጀሶ ግን የሚቀጥለው ባዶ ወንበር የማን እንደሚሆን ማየት ጀመረ።

ሰኞ አንድ ሽማግሌ ክንድ ላይ ፋሻ ሲጠቀልል ነገሩን አወጣ አወረደ። ደንቡ ልክ ነው። ልክ የሆነ ደንብ ግን ቅዳሜ በር አያንኳኳም። እጁን ታጥቦ ለሾፌሩ ደወለ።

«ቀስተኛው ድኗል» አለው።

«እንዴት ዳነ?»

ሥር የምትቀጠቅጥ አሮጊት፣ የተቀደሰ ምንጭ፣ ብዙ ነገር አስቦ ነበር። ከአፉ አልወጣ አለ። «በቃ... ተኝቶ አደረና ዳነ።»

በስልኩ ውስጥ ጡሩምባ ይሰማል። «እንዲህ በቀላሉ? ታዲያ ያን ሁሉ ቅዳሜ ምን አድርግ ብለህ አስተኛኸኝ?»

ጀሶ «አብሬህ ልቆይ ብዬ ነው» ሊል ነበር። አፈረ። ትልቅ ሰው ለትልቅ ሰው እንዲህ ይላል? «ተሳስቼ ነው» አለ።

«ኧረ ምንም አይደል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራው ደህና ሆኗል። እስቲ አያለሁ።»

ጀሶ «እስቲ አያለሁ» ምን ማለት እንደሆነ አላጣውም። ከዚህ በፊትም ብዙ ሰው ብሎታል።

ቅዳሜ ሁለቱ መጡ። ፀጉር አስተካካዩ ባዶውን ወንበር አየና «ቀስተኛውን ምን እናድርገው? እንደገና ገደል እንክተተው?» አለ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ ጀሶ።

መንገድ ጀመሩ። ድልድዩን እንደተሻገሩ ጀሶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀስተኛው ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ።

«ድኗል አላልክም እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ድኗል። ግን ያነክሳል።»

ፀጉር አስተካካዩ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ የኔው ሌባ ነው፤ ሌባ ቆሞ አይጠብቅም» ብሎ ዳይሱን ወረወረና ቀድሞ ሄደ።

የልብስ ሰፊዋ ተራ ደረሰ። ዳይሱን መዳፏ ውስጥ እያገላበጠች ጀሶን አየችው። ሳትወረውር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የኔዋ ከሱ ጋ ትሄዳለች» አለች።

«ይዘገያል እኮ፣ እትዬ።»

«ይዘግይ። በል ንገረኝ፣ መንገዱ ምን ይመስላል?»