ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ

ብርድ በጠናበት ጠዋት ሁሉ ሰውየው መካኒኩን ግቢው ድረስ ይጠራዋል። በፒጃማው ላይ ኮት ደርቦ፣ ጫማውን ያለ ካልሲ አጥልቆ፣ አልነሳ ካለው አዲስ ፒክአፕ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል። መካኒኩ ባትሪውን ለካ፤ የናፍጣ ማጣሪያውን ፈታ፤ ምንም አላገኘም። በአራተኛው ቀን፣ "እስቲ እርስዎ ያስነሷት" አለው። ሰውየው ቁልፉን ገና ከመክተቱ እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ሞተሩ አልተነሳም።

"አባባ፣ መኪናዋማ ደህና ናት! በብርድ ጊዜ ይቺ ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ይታገሷት፤ ሞተሩ እየሞቀ ነው። አስር ሰከንድ ብትሆን ነው።"

"አልችልም።"

"አስር ሰከንድ?" ሳቀ መካኒኩ። "ምን የሚያሳድድዎት አለ?"

"አሮጌዋ መኪናዬ እንዲህ ባለ ጠዋት እምቢ አለችኝ። ሚስቴ ታማ ከኋላ ተኝታ ነበር። 'ትንሽ ጠብቂኝ' አልኳት። ሞተሩ ሲነሳ እሷ የለችም። ከዚያ በኋላ ይቺን ገዛሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።"

መካኒኩ ሳቁን ዋጠ። ቁልፉን በያዘው በሰውየው እጅ ላይ እጁን ደርቦ፣ መብራቷ እስክትጠፋ ያዘው። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ ባንዴ ተነሳ።

"ይኸው! አሁን ወዴት ሊሄዱ ነው?"

"የትም" አለና ሰውየው ሞተሩን አጠፋው። "መነሳቷን ለማየት ነው።"