ጨፋ ላይ ኢንሱሊን በረዶ ሲሆን

አርብ፣ ንጋት፤ አዲስ አበባ

ሰፈሩ ገና አልነቃም። ባለቤቴ ሰይድ የመኪናውን ሞተር ያሞቃል፤ የአምስት ዓመቱ አንዋር በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ከኋላ ወንበር ተጋድሟል፤ የአስራ አንድ ዓመቷ ኢማን የጫማዋን ክር ታስራለች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ቦርሳዬን እንደገና እፈትሻለሁ። መርፌው አለ። የስኳር መለኪያው አለ። ስኳሯ ድንገት ከወረደ የምትጠጣው ጭማቂ አለ። ኢንሱሊኑም አለ፤ በፎጣ ጠቅልዬ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ኢማን የስኳር ሕመም ከተገኘባት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰውነቷ ኢንሱሊን ስለማይሠራ ጠዋትና ማታ ትወጋለች። ከዚያ ወዲህ ከከተማ ወጥተን አድረን አናውቅም። እምቢ የምለው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲዘጋ ግን ሰይድ፣ "ልጆቹ ያደግሁበትን አገር ይዩት እንጂ" አለ። የአጎቱ ልጅ አሕመድ ከከሚሴ አለፍ ብሎ፣ የጨፋን ሸለቆ ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ እርሻ አለው። እዚያ ለእንግዳ የሚከራዩ ድንኳኖች ተክሏል።

"ድንኳን ውስጥ ነው የምናድረው?" አልኩት።

"ስሚ፣ እንዳሰብሽው አይደለም። አልጋ አለው፣ ሻወር አለው። በፀሐይ የሚሠራ ፍሪጅ ሳይቀር አለ።"

የተስማማሁት ፍሪጅ መኖሩን ስሰማ ነው።

አርብ፣ ቀኑን ሙሉ፤ መንገድ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ጣርማ በር ጉም ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊት የሚመጣው የጭነት መኪና መብራት ብቻ ይታያል። ዋሻውን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ሴቶች የቆሎ ከረጢት በመስኮት ያስገቡልናል። ከዚያ ቁልቁለት ነው። በየጥምዝምዙ አየሩ ይሞቃል፤ አንዋር ሹራቡን አወለቀ፣ ቀጥሎ ካልሲውን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፔርሙዙን ታቅፌ ነበር።

ለምሳ የቆምንበት ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ከሰሜን የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ፊቱን ይታጠባል።

"መንገዱ እንዴት ነው?" አለው ሰይድ።

"ሰላም ነው" አለ ሰውየው። ፊቱን በእጅጌው ጠራረገና፣ "ዛሬ ሰላም ነው" ብሎ አረመው።

ከዚያ ወዲያ ያየሁት መልክዓ ምድር ሁሉ "ዛሬ" በምትለው ቃል ውስጥ ያለፈ ነው። አጣዬ፣ ሰንበቴ፣ የፓፓያና የሽንኩርት ክምር፣ አስፋልት የሚያቋርጡ ፍየሎች። አንድ ኬላ ላይ ወጣት ፖሊስ ቦርሳዬን ከፍቶ መርፌዎቹን አየና ቅንድቡን ሰቀለ። አፌን ሳልከፍት ኢማን ከኋላ፣ "የእኔ ናቸው፤ ስኳር አለብኝ" አለችው። ፖሊሱ ቦርሳውን ቀስ ብሎ ዘጋው። "አላህ ያሽርሽ፣ እህቴ። እለፉ።"

ከሚሴን ባጃጅና ሚኒባስ ሲጋፉባት አገኘናት። ከተማዋን እንዳለፍን ሸለቆው ተከፈተ፤ ቦርከና በመካከሉ ይጠማዘዛል፤ የማሽላው አገዳ ታጭዶ ተከምሯል፤ ሣሩ ላይ ከብትና ከቆላ የመጡ ግመሎች ተቀላቅለው ይግጣሉ። አንዋር ግመል ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እስክንደርስ ድረስ ጮኸ።

አርብ፣ ምሽት፤ ኮረብታው

ከአስፋልቱ የሚገነጠለው የአፈር መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገት ነው። ጫፉ ላይ አሕመድና ባለቤቱ ጦይባ ቆመው ጠበቁን። ጦይባ ረጅም፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት ናት፤ አማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች። "አካም ጂርቱ? ደህና ገባችሁ? ይህችም ኢማን ናት? ኮቱ፣ ነይ እስቲ!" ብላ ልጄን እቅፏ ውስጥ ሸሸገቻት።

ሰይድ አልዋሸም። ድንኳኖቹ በእንጨት ወለል ላይ ቆመዋል፤ ውስጣቸው የተነጠፈ አልጋ፣ አጎበርና የደሴ ምንጣፍ አለ። የሻወሩ ውሃ ፀሐይ ስታሞቀው ከዋለች ጥቁር በርሜል ይወርዳል። ፍሪጁ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ይሠራል። ኢማንን ወግቼ እራት እንደበላን ብልቃጦቹን ሁሉ ለጦይባ ሰጠኋት።

"ሙቀት ያበላሸዋል" አልኳት። "ቀዝቃዛ ቦታ ይሁንልኝ።"

"አታስቢ። እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቀው።"

ስንተኛ ዝናብ ጀመረ። በሸራው ላይ ሲወርድ ድምፁ ደስ ይላል። ልጆቹ ወዲያው ተኙ፤ እኔ ግን የአፈሩን መንገድ አስብ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

የኢማን ስኳር ሁለት መቶ ስልሳ አለ። ከፍ ብሏል፣ ግን ለመንገድና ለእንግዳ ምግብ የማይጠበቅ አይደለም። ፍሪጁን ከፈትኩ። ብልቃጦቹ መደርደሪያው ላይ የሉም።

ያሉት ከላይ፣ በረዶ ቤቱ ውስጥ ነው።

አወጣኋቸው። መስታወቱ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ውሃ የሚመስለው ኢንሱሊን ጠጥሯል፤ ደመና የሚመስለው ሁለተኛው ዓይነትም ጠጥሯል። አንዱን ብልቃጥ በመዳፌ ይዤ ሳሞቀው ነጩ ነገር እንደተበላሸ ወተት ጓጉሎ መስታወቱ ላይ ቀረ።

ጦይባ ከኋላዬ መጣች። "በሌሎቹ ድንኳኖች ያሉት እንግዶች ለውሃ ፍሪጁን ሲከፍቱ ሲዘጉት ሙቀት እንዳይገባበት ብዬ ወደ ላይ አወጣሁት" አለች። ፊቴን ስታይ ድምፅዋ ወረደ። "ምነው? አጠፋሁ እንዴ?"

"ምን አደረግሽ! ገደልሻት እኮ!" አልኳት።

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ድንኳኖቹ ሁሉ ሰምተውኛል። ጦይባ በእጇ አፏን ያዘች።

ሰይድ እየሮጠ መጣ። "ቢሟሟ አይሠራም?"

"በረዶ የነካው ይጣላል። አንዱም አይሆንም።"

"እንግዲህ ከሚሴ እንውረድ" አለ። መኪናውን አስነሳ። ጎማው ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ጎን ተንሸራቶ ጉድባው ላይ ዘመመ። አሕመድ ከታች ያሉትን ሰዎች ሊጠራ ሮጠ። ስልኬን አየሁ፤ ኔትወርክ የለም።

"በእግር እንሂድ" አልኩ። "ኢማን፣ ጫማሽን አድርጊ።"

ሰይድ ከአንዋርና ከመኪናው ጋር ቀረ። ጦይባ ሳትጠየቅ ነጠላዋን አጣፍታ ቀደመችን። ቁልቁለቱን የኢማንን እጅ በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላ በኩል እሷ ይዘን ወረድን። ኢማን በየመሃሉ፣ "እማዬ፣ ውሃ" ትላለች። ያ ጥማት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ የመጀመሪያ ጊዜ የታመመች ዕለትም እንዲሁ ነበር።

ቅዳሜ፣ ረፋድ፤ ከሚሴ

አስፋልቱ ላይ በያዝነው ሚኒባስ ውስጥ ኔትወርክ መጣና አዲስ አበባ ያለውን ሐኪሟን በስልክ አገኘሁት። "ውሃ አጠጪያት። ኢንሱሊን ቶሎ ካላገኘሽ ሆስፒታል ውሰጃት" አለኝ። "ማስታወክ ከጀመረች ደግሞ ምንም አትጠብቂ።"

የመጀመሪያው ፋርማሲ ዝግ ነው። ሁለተኛው ጋ የሚዋጥ እንጂ የሚወጋ የለም። ሦስተኛው ጋ ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት መደርደሪያውን ሳያይ ራሱን ነቀነቀ። "ትናንት አለቀ፣ እናቴ። ሰኞ ይገባል፣ ኢንሻአላህ። ሆስፒታሉ ግን ቅርብ ነው፤ ለድንገተኛ ይረዷችኋል።"

ደጃፉ ላይ ኢማንን ለካኋት። ሦስት መቶ ሰማንያ። ከንፈሯ ደርቋል። "ሆዴን አመመኝ" አለች።

ጦይባ ያን ጊዜ መንገዱ መሃል ገብታ ነበር። ለአንድ የቆመ ባጃጅ ሹፌር በኦሮምኛ ትነግረዋለች፤ ለሎሚ ነጋዴዋም፣ ለሚያልፈውም። አንድም ቃል አልያዝኩም፤ "ኢንተላ" የሚለውን ብቻ፣ ልጅቷ ማለቷን፣ እየደጋገመች ስለምትጠራው ያዝኩት። ሰው ከበበን። አፈርኩ፤ ወደ ሆስፒታሉ እንሂድ ልል ስል የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አወጣ።

"የመሪማ ልጅም መርፌ ትወጋለች አይደል? ሽርጥ የምትሸጠዋ መሪማ። ቤቷ ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ መንገዳችን ላይ ነው። ግቡ። ከሌላት በዚያው አደርሳችኋለሁ።"

ባጃጁ በየጉድጓዱ ሲዘል ኢማን ጭኔ ላይ ራሷን ጣለች። ጦይባ ከጎኔ ቁርአን ትቀራለች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

መሪማ በሩን የከፈተችው ያልተሰፋ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ ነው። ጦይባ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ሴትዮዋ ኢማንን አየቻት፣ ስኳሯ መናሩን ለማወቅ ትንፋሿን አሸተተች፣ እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ እናት፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ዞራ፣ "ረሕማ! እንስራውን ክፈቺ!" ብላ ተጣራች።

ጥግ ላይ ቅዝቃዜ እንዲይዝ ውሃ የተሞላ ትንሽ እንስራ አለ። አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ቀጭን ልጅ እጇን አስገብታ በላስቲክ የታሰሩ ብልቃጦች አወጣች። ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ነው። ስሙን አነበብኩ። መጠኑን አነበብኩ። የሚያበቃበትን ቀን አነበብኩ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩ። የእኛው ነው።

"ከየዓይነቱ አንዳንድ ውሰጂ" አለች መሪማ።

"የእርስዎ ልጅስ?"

"አንቺ በዪኝ። የቀረው፣ ሰኞ አዲሱ እስኪገባ ድረስ ይበቃታል። ባይበቃትም፣ ያንቺ ልጅ ደጄ ላይ ወድቃ የእኔዋን አላስቀድምም። ውጊያት፣ ቶሎ!"

ስቸኩል መርፌው አየር ቀዳ። ኢማን እጇን ዘረጋች። "እኔ ልቅዳ፣ እማዬ።" ረሕማ ብልቃጡን ገልብጣ ያዘችላት። ልጄ ቀዳች፣ አረፋውን በጥፍሯ መትታ አወጣች፣ ሆዷ ላይ ወጋች። እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ ልክ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ውሃ፣ እንደገና ውሃ። ሦስት መቶ ሰባ። ሦስት መቶ አርባ። ጦይባ ቁጥሩን በተናገርኩ ቁጥር ዓይኔን ታየኛለች፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ የምታነበው ከፊቴ ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ስል ትከሻዬ ወረደ፤ እሷም ያን ጊዜ ነው ግድግዳውን ተደግፋ ያለቀሰችው።

"አውፍ በይኝ" አለችኝ። "አላህ ያውቃል፣ ለደግ ብዬ ነበር።"

"አንቺ አውፍ በይኝ። የተናገርኩሽ ቃል ለጠላትም አይባልም። ልጄን እዚህ ያደረስሻት ደግሞ አንቺ ነሽ።"

መሪማም መጥታ ሦስታችን ተቃቅፈን ሳለን ከምንጣፉ በኩል የሁለቱን ልጆች ድምፅ ሰማሁ።

"ስንት ነሽ?" አለች ረሕማ።

"አስራ አንድ።"

"ዕድሜሽን ማን ጠየቀሽ? ስኳርሽን ነው!"

ኢማን ሳቀች። ጣቶቻቸውን ጎን ለጎን ዘርግተው የመርፌውን ነጠብጣብ ያወዳድራሉ፤ የትኛው ጣት ይበልጥ እንደሚያም ይከራከራሉ። ልጄ ስለዚህ ነገር እኩያዋ ከሆነ ሰው ጋር ስታወራ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ማስታወክ አልመጣም፤ ሐኪሙም በስልክ፣ "እየወረደ ከሆነ በየጊዜው እየለካሽ ቆዪ" አለኝ። ፀሐይ ጭቃውን አደረቀችው። ሰይድ ከአሕመድ ጎረቤቶች ጋር መኪናውን ገፍቶ አወጣና፣ መንገድ ላይ ደውሎልኝ፣ አንዋርን ይዞ ከሚሴ ድረስ መጣ። ሰይድ ጭቃ እንደለበሰ ኢማንን አንስቶ አቀፋት፤ ብዙ ጊዜ አላወረዳትም። ማታውን ወደ ኮረብታው ስንመለስ መሪማና ረሕማም አብረውን ነበሩ። ልጆቹ አንድ ድንኳን ይዘው እኛን አባረሩን።

እሁድ፤ መልስ ጉዞ

ጠዋት ከሸለቆው ጉም ሲነሳ ግመሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ጦይባ ለመንገድ በሶና የተቀቀለ እንቁላል ሰጠችን። ኢንሱሊኑ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ እግሬ ሥር ተቀምጧል። አዲስ አበባ እንደገባሁ ለመሪማ ብልቃጦች ገዝቼ በሚኒባስ እንደምልክላት ነግሬያታለሁ፤ እሷም፣ "መጀመሪያ በሰላም ግቡ" አለችኝ።

መንገዱን አሁንም እፈራዋለሁ። በየኬላው ልቤ ይመታል፤ በየመንደሩ ሰው ሲሰበሰብ ካየሁ አንገቴን አሰግጋለሁ። ሸዋ ሮቢት አለፈ። ዳገቱን ጀመርን፤ አንዋር ሹራቡን ጠየቀ። ደብረ ሲና ስንደርስ ሰይድ ዳር ይዞ ቆመ፤ ኢማን የምትለካበት ሰዓት ነው።

መሣሪያውን ከእኔ ቀድማ ከቦርሳው አወጣች። ጣቷን ወጋች፣ ጠብታዋን አስነካች፣ ወደ መስኮቱ ዞራ ቁጥሩን ጠበቀች። ፊቷ አይታየኝም።

"ስንት ሆነ?" አልኳት።

የአባቷን ስልክ አንስታ መልእክት መጻፍ ጀመረች።

"ቆይ፣ እማዬ" አለች ቀና ሳትል። "መጀመሪያ ለረሕማ ልንገራት።"

እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ውጭ ጉሙ ይወርዳል። ልጄ ትጽፋለች፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።