መኪናዬ መስቀል የፈራች መስሎኝ

ማክሰኞ፣ ወደ ደሴ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የአባቴ ዓይን በግላኮማ እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም ከጥቂት ወራት በላይ ተስፋ አልሰጠውም። ሳይጨልምበት ታላቅ ወንድሙን፣ ላሊበላ አጠገብ ብልባላ የሚኖሩትን ቄስ ሞላን ማየት ፈለገ። ዘጠኝ ዓመት አልተያዩም። «ፊታቸውን አንዴ ልይ፣ ከዚያ ወዲያ በድምፃቸው እኖራለሁ» አለኝ። የሳምንት ፈቃድ ወስጄ ላመጣቸው ተነሳሁ።

መኪናዬ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ናት። ያኔ ብርቅ ነበረችና ትንሽ ጉራ ነበረብኝ። የቁልፍ ሪሞቷ ኪስ ውስጥ እያለ እጀታዋን ሲነኩት ትከፈታለች፤ ፍሬን ረግጠው ማስነሻውን ሲጫኑ ትነሳለች። ደብረ ሲና ቁርስ በልቼ ስመለስ ግን ዝም አለችኝ፤ በሦስተኛው ተነሳች። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ አልቆለፍ አለች። «ሙቀቱ ነው» ብዬ አለፍኩት። ምን ነበረበት ያን ዕለት ደሴ ላይ ለባለሙያ ባሳያት!

ረቡዕ፣ ጋሸና

የወልድያን ጠመዝማዛ ወጥቼ ጋሸና ስደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ትኩስ ሽሮ በላሁና ወደ ላሊበላ ታጠፍኩ። አስፋልቱ ገና ስላልተሠራ የመኪናዬ ሆድ ከድንጋዩ ጋር ሲፋጭ ዋለ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ይችን ደግሞ ማን መክሯት መጣች?» አለኝ።

ሐሙስ፣ ላሊበላ

ቄስ ሞላ ከብልባላ በእግራቸው መጥተው አንድ ዘመዳቸው ቤት አድረዋል። ለአባቴ ማርና ዳቦ ቆሎ ቋጥረዋል። የእጅ መስቀላቸውን እንደያዙ ከፊት ተቀመጡ። ሪሞቱን በሁለታችን መካከል ካለው ማስቀመጫ ጣል አድርጌ ማስነሻውን ተጫንኩ።

«አትጮህም እንዴ?» አሉ።

«ስትነሳም አትጮህም፣ አባ። አረንጓዴ መብራት ነው የምታሳየው።»

መብራቱ አልበራም። ባጃጅ የሚጠግን መካኒክ ጠራሁ። የኋላውን ባትሪ ለካ፣ ገመዶቹን አጠበቀ፣ ፊውዞቹን አየ።

«አብሽር ወንድሜ፣ ባትሪዋ ደህና ነው። ሪሞቱን ነው የማታየው» አለኝ። «ብረት ሲጠጋው ይጋርደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ዓይኔ መስቀሉ ላይ አረፈ። ቄሱን አስወረድኩና ሪሞቱን አንስቼ በያዝኩበት እጅ ማስነሻውን ተጫንኩ፤ ተነሳች። አጥፍቼ፣ ሪሞቱን ወደ ቦታው መልሼ፣ እሳቸውን አሳፈርኩ፤ እምቢ አለች። እንደገና አስወረድኳቸው፤ ተነሳች። በቃ፣ ደረስኩበት አልኩ።

«አባ፣ መስቀሉን ከኋላ ከሻንጣዬ ጋር ላስቀምጥልዎ።»

«ከጫማህ ጋር?»

«አልነሳ ያለችው በሱ ነው። አሁን ብትነሳም በየቆምንበት እምቢ ትለናለች።»

ከበው ከሚያዩን ሰዎች አንዱ ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም። «ልጄ፣ ይህን ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከእጄ አላወጣውም» አሉኝ።

ያኔ ወርጄ ጉልበታቸውን መሳም ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ስቃጠል ቆይቼ አፌ አመለጠኝ፤ «አባቴ ዓይኑ እየጠፋ እርስዎ ስለ አንድ ብረት ይከራከራሉ?» አልኳቸው።

መስቀሉን ብረት አልኩት። የሳቀው ሰውዬ እንኳ አማተበ። ቄሱ ማሩንና ዳቦ ቆሎውን መቀመጫው ላይ አኑረው የብልባላን መንገድ ያዙ። ስከተላቸው ሳይዞሩ በእጃቸው ተመለስ አሉኝ።

ዓርብ፣ ወልድያ

ነዳጅ ቀድቼ ማስነሻውን ብጫን ዝም። መስቀል የለ፣ ቄስ የለ። ሪሞቱን አንስቼ ወደ ማስነሻው ሳስጠጋው ተነሳች፤ ማስቀመጫው ላይ ስመልሰው እምቢ አለች። ላሊበላም ያስነሳት የመስቀሉ መራቅ ሳይሆን የሪሞቱ መቅረብ ነበር። እሳቸው ሲወርዱ ሪሞቱን የማነሳው እኔው ነኝ።

ከፈቃዴ ገና ሦስት ቀን ይቀረኝ ነበር። ወደ ኋላ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ብልባላ ወጥቼ እግራቸው ላይ መውደቅ እችል ነበር። አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ደሴ ላይ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሪሞቱን ፈልቅቆ እንደ ሰዓት ባትሪ ያለችውን፣ የደከመች ክብ ባትሪውን ቀየረልኝ። ዋጋዋ ከምሳዬ ያንሳል። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ በአንድ ንክኪ ትነሳለች፣ ትቆለፋለች።

ቅዳሜ፣ ቤት

መሽቷል፤ በጨለማ ጭራሽ የማያየው አባቴ የክት ልብሱን ለብሶ በር ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ ስትቆም በእጁ እየዳሰሰ ቄሱ ይወርዱበታል ወዳለው የፊት በር ሄደ፤ ከፍቶም ግንባሩን ወደ ባዶው መቀመጫ ዘንበል አደረገ።

«ይባርኩኝ፣ አባ» አለ። ቆየት ብሎም «ምነው ዝም አሉ? መንገዱ አደከመዎት?»

«የሉም፣ አባዬ። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ያን ቃልም ጭምር። አልተቆጣኝም። ማሩን ከመቀመጫው አንስቶ ታቀፈና «እሺ፣ አንተስ አይተሃቸው የለ? ፊታቸው እንዴት ሆኗል?» አለኝ።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቤ ሳሉ እኔ አረንጓዴው መብራት በራ አልበራ ብቻ ሳይ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።