በሳሎናችን ውስጥ ያለው መንገድ

ያለን አንድ ሳሎን ነው። እንግዳ የሚቀመጠው እዚያ፣ ራት የምንበላው እዚያ፣ ልጆች የሚያጠኑት እዚያ፣ ረቡዕ ረቡዕ የሰፈራችን ሴቶች ለጸሎት የሚሰበሰቡትም እዚያው ነው። ፍሪጁም ከቡፌው አጠገብ ቆሟል። ዲላ ቤት ሠርተን ከገባን ጀምሮ ዕቃው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ መሐሉ ባዶ ሆኖ ኖሯል። ሌላ አቀማመጥ መኖሩን አስቤ አላውቅም ነበር።

ትልቋ ልጄ ስትታጭ ግን ነገሩ ተነሣ። የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች ከባለቤቴ ጋር አስቀድመው ተነጋግረዋል። እሑድ ከሰዓት የሚመጡት መልሱን ከቤቱ ታላቅ ከአማቼ አፍ ለመስማት ነው። ልጄ ሳሎኑ መሐል ቆማ ዙሪያዋን አየች።

"እማ፣ ይሄ እኮ መናኸሪያ ነው የሚመስለው። ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ወደ ገደብ ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ይጠብቃል።"

"ታዲያ ምን ይደገፍ?"

ስልኳን አሳየችኝ። ፎቶው ላይ ሶፋው ከግድግዳ ተነሥቶ ክፍሉ መሐል ቆሟል። ከፊቱ የእንግዳ ቦታ ነው፤ ከጀርባው ቤተሰቡ ቴሌቪዥን ያይበታል። አንዱ ክፍል ሁለት ሆኗል። ደነቀኝ። ሶፋ የግድግዳ ሥራ ይሠራል ብዬ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ሁለታችን ገፋነው። ከሥሩ ጠፍተው የነበሩ ሦስት እርሳሶችና አንድ ካልሲ አገኘን። ቴሌቪዥኑን ወደ ሌላኛው ጥግ ወሰድን፤ የግድግዳ ሰዓቱንም ከበላዩ ሰቀልነው። ወደ በሩ ሄጄ እንደ እንግዳ ገባሁና አየሁት። ቤታችን የሌላ ሰው ቤት መሰለኝ፤ ደስም አለኝ።

ያን ጊዜ አማቼ ከቀን እንቅልፋቸው ተነሥተው ወጡ።

የባለቤቴ አባት ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ወስዶታል። ዱመርሶ የሚባል ቦታ ባለ ቡና መፈልፈያ ውስጥ፣ በቡና ማድረቂያ አልጋዎች መሐል ሲመላለሱ ያረጁ ሰው ናቸው። እኛ ቤት ከመኝታ ክፍላቸው እስከ መስኮቱ ሥር እስካለው ወንበራቸው ድረስ ማንንም ሳይዙ ይሄዱ ነበር። ስለለመድነው ልብ አንለውም።

ሶፋው ቅልጥማቸውን መታቸው። እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው ቆሙ።

"ምንድን ነው?"

"ሶፋው ነው አባባ። ቦታ ቀየርንለት።"

"እህ" አሉና ዞረው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ለራት አልወጡም። ምግባቸውን ይዤ ስገባ ባለቤቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "እሑድ እኔ እጅዎን ይዤ አስገባዎታለሁ" ይላቸዋል።

"ሽማግሌ ፊት እየተጎተትኩ አልገባም" አሉ። "በራሴ እግር ከገባሁ እሰጣታለሁ። ካልሆነ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ አንተ አባቷ ስጥ።"

ልጄ በሩ ላይ ሆና ሰማች። ከልጅነቷ ጀምሮ "እኔን የሚድሩኝ አባባ ናቸው" ስትል ነው ያደገችው። ስለ ፎቶው ሁለተኛ አላነሣችም።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም መለስን። አላስቸገረንም። የሶፋው እግሮች ፕላስቲክ ምንጣፉ ላይ ጉድጓድ ትተዋል፤ እግሩን በጉድጓዱ መክተት ብቻ ነበር። ቴሌቪዥኑም ወደ ቀድሞ ጥጉ ተመለሰ። አባባን ጠራናቸው። ቡፌውን እስኪያልፉ ደህና ነበሩ። ከዚያ ወደ ግራ አዘነበሉና ባዶው ጥግ ላይ ቆሙ።

"ወንበሬን የት ወሰዳችሁት?"

"ቦታው ላይ ነው አባባ።"

"አይደለም።"

ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንዴት እንደሚሄዱ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ጠየቅኩ።

"እርምጃ ይቆጥራሉ እንዴ?"

"አንቺ ወደ ጓዳ ስትሄጂ ትቆጥሪያለሽ?"

"አልቆጥርም።"

"እኔም አልቆጥርም።"

"ታዲያ በምን ያገኙታል?"

"እንጃ ልጄ። ወንበሩ ይጠራኛል።"

ወንበር አይጠራም። ግን እሳቸው የሌለ ነገር አይናገሩም። ቀኑን ሙሉ ሥራዬን እየሠራሁ እሱን ሳስብ ዋልኩ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ፍሪጁ ዝም ብሏል። የጎደላቸው የፍሪጁ ድምፅ ይሆናል አልኩ። ማታ መብራት ሲመጣ ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና ወደ ግራ ሄዱ። ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ክፍላቸው በር ላይ ቆምኩና ዓይኔን በነጠላዬ አሰርኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር? መራመድ ጀመርኩ። የቡፌው ጠርዝ እጄ ላይ ቀዘቀዘኝ። ቀጥሎ የምንጣፉ ጫፍ ከእግሬ ሥር አለቀ። ከዚያ በኋላ የምይዘው ምንም ነገር አጣሁ። ቆምኩ። ያን ጊዜ ከግራ በኩል ሰማሁት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ነጠላውን ፈታሁ። ሰዓቱ እኛ ሐሙስ የሰቀልንበት ግድግዳ ላይ ነው። ወለሉ ላይ ያለውን ሁሉ ስንመልስ ግድግዳው ላይ ያለውን ረስተነዋል። ቀድሞ የነበረበት ሚስማር ከአባባ ወንበር በላይ ባዶውን ቀርቷል። ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ሰዓት ከሠርጌ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ አለ፤ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ጌታዬ፣ ስንት ነገር በጆሮዬ ሥር ያልፋል አልኩ።

በርጩማ ላይ ወጥቼ መለስኩትና አባባን ጠራኋቸው። ሳያመነቱ ሄደው ተቀመጡ።

"አሁን ጠራኝ" አሉ።

"ሰዓቱ ነው አባባ። ከራስዎ በላይ ያለው ሰዓት።"

አንገታቸውን ቀና አድርገው ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ። "ይሄ ነው እንዴ?" ከእኔ ይልቅ የተገረሙት እሳቸው ናቸው።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የልጁ አባት ወዳጅ የሆኑት፣ ሱቃቸው ሰፈራችን ያለው ሐጂ ናቸው። ባለቤቴ "ተቀመጡ" አላቸው። እነሱ ግን በወጉ መሠረት እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። ሳሎኑ መሐል ቆሙ። ዙሪያውን ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው።

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየኋቸው። የቆሙት የአባባ መንገድ ላይ ነው። ሶፋ ቢሆኑ እገፋቸው ነበር። ለባለቤቴ ምልክት ልሰጠው ስል የክፍሉ በር ተከፈተ።

አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ሰዓቱ ብቻ ይሰማል። ቡፌውን ዳሰሱ፤ ለቀቁት። ሦስት እርምጃ ሄደው እጃቸው የሐጂ ደረት ላይ አረፈ።

"ጌታ ሆይ" ብቻ አልኩ።

አባባ ደረቱን መታ መታ አደረጉት። ወደ ትከሻው ወጡ። አልቸኮሉም።

"ይሄ ዕቃ ትናንት አልነበረም" አሉ። "ማን ነው ያስገባው?"

ሳቁ ከጓዳም ከሳሎንም ተነሣ።

"አሮጌ ቡፌ ነኝ አባቴ" አሉ ሐጂ። "ልጅቷን ካልሰጡን ከዚህ የሚያነቃንቀኝ የለም።"

"ድምፅህን ባልሰማም በሆድህ አውቅህ ነበር ሐጂ። እንግዲያው ልደገፍህ።" አባባ የሐጂን ትከሻ ይዘው ዞሩ፤ ከሐጂ ወደ ሁለተኛው ሽማግሌ ትከሻ፣ ከእሱ ወደ ሦስተኛው ተሻገሩ። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው ብቻቸውን ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ። "አሁን ተቀመጡ፤ መንገዱን አትዝጉብኝ።"

ልጄ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ስታለቅስ ነበር። እኔም እዚያው መጋረጃው ሥር አመሰገንኩ።

ዛሬ ሠርጉ አልፎ ልጄ ፍስሐ ገነት ከተማ ቤት ይዛለች። ሶፋዋን ክፍሉ መሐል አቁማዋለች፤ ያምራል። የእኛ ሳሎን መናኸሪያ እንደሆነ ቀርቷል። እኔም የሰዓቱን ባትሪ ሳያልቅ እቀይራለሁ።

ቤት የገባች ሰሞን ደውላ "አባባን አቅርቢልኝ" አለችኝ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው።

"አባባ፣ ሰዓት ገዝቻለሁ። የት ልስቀለው?"

"መጀመሪያ" አሉ፣ "የእኔን ወንበር የት እንዳደረግሽው ንገሪኝ።"