በሂና ያመካኘሁበት ጣት

ከመተማ ዮሐንስ የተነሣነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አምቡላንሱ ውስጥ ዘይነባ፣ እናቷ እማማ ከድጃ፣ ሾፌሩና እኔ አዋላጇ ነበርን። ዘይነባ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የደም ግፊቷ አሻቅቦ ፊቷ አብጧል። ጎንደር ደርሳ ቶሎ ካልወለደች እሷንም ልጇንም እንዳናጣ ፈርቻለሁ።

የኦክስጅን ሲሊንደሩን አያስፈልግም ብዬ ትቼ ነው የወጣሁት። ከመነሣታችን በፊት የደሟን ኦክስጅን ጣቷ ላይ ስለካ ከዘጠና አምስት በላይ መሆን ሲገባው ሰማንያ ስምንት አለኝ። ጥፍሮቿ ግን ለጎረቤት ሠርግ በተቀባችው ሂና ጠቁረዋል። ሂና መለኪያውን ያሳስታል ሲባል ሰምቼ ነበርና በዚያ አመካኝቼ አለፍኩት።

ኮኪት

የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ሠራተኛ በጫኑ መኪኖች ተጨናንቋል። በጎኗ ያስተኛኋት ዘይነባ ተነሥታ ተቀመጠች፤ ማሳል ጀመረች። ሙቀቱ ነው ብዬ መስኮት ከፈትኩ።

«እንዲህ ከሆነችማ ሦስት ቀኗ ነው» አሉ እማማ ከድጃ። «ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድር። ከሙቀቱ ነው ብለን ዝም አልን።»

መለኪያው አሁን ሰማንያ አራት ይላል። ከጣቷ ነቅዬ የራሴ ጣት ላይ ሰካሁት። እኔም እዚያው ሠርግ ላይ ከዚያው ሳህን ተቀብቻለሁ፤ ጥፍሬ ከጥፍሯ አይለይም። ዘጠና ስምንት አለ። ተጋድማ መተንፈስ ያቃታት ለካ ሳንባዋ ውኃ እየቋጠረ ነው፤ እኔ ደግሞ ኦክስጅኑን ትቼው መጥቻለሁ።

ገንዳ ውሃ

ጤና ጣቢያው እንደደረስን ጥፋቴን ሳልደብቅ ለባለሙያዎቹ ነግሬ ሲሊንደር ለመንኩ። ሰጡኝ፤ ውኃውን የሚያሸናትን መርፌም ወጓት። ቁጥሩ ቀስ እያለ ዘጠና ሁለት ገባ። የጭልጋን ዳገት ስንወጣ አየሩ ቢቀዘቅዝም እኔን ያልበኛል፤ ኦክስጅኑ መንገድ ላይ እንዳያልቅ አንዴ ሲሊንደሩን አንዴ ከንፈሯን አያለሁ።

ጎንደር

በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ግን ታለቅሳለች። ዘይነባም አመሻሹ ላይ ትንፋሿ ተመለሰ። እማማ ከድጃ ሊመርቁኝ እጃቸውን ሲያነሡ አላስቻለኝም፤ ኦክስጅኑን ትቼ የመጣሁት እኔ ነኝ አልኳቸው።

«እኛም ሙቀት ነው ብለናል፣ ልጄ» አሉና መረቁኝ። ምርቃት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም።

መተማ

በተመለስኩ ማግስት አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። መለኪያውን ስታይ ሂና የተቀቡ ጣቶቿን በነጠላዋ ሸፍና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ግድ የለም ብዬ ከመለካቴ በፊት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሌሊት ተጋድመሽ ነው ወይስ ተደግፈሽ የምታድሪው?» አልኳት።