ባዶው ሙቀጫ

ሆሳዕና ውስጥ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ታሽጎ ባሏ ከታሰረ ወዲህ፣ ገነቴ ከምንም በላይ የምትፈራው የልጇን አፍ ነበር። ጣቢታ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አንዴ ከተቆጣች የሚመልሳት የለም። የዚያን ቀን ከትምህርት ቤት በንዴት ጦፋ ገባች።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ ‹አባትሽ ጸረ አብዮት ነው› አለኝ። አሁኑኑ ቀበሌ ሄጄ አባቱን ልክ ልኩን እነግረዋለሁ!»

ገነቴ በሩ ላይ ቆመች። «መናደድሽ ልክ ነው፤ ተናደጂ። በዚህ በር ግን አትወጪም።» ከዚያ ዘነዘናውን አስያዘቻት። የምእመናኑ ሴቶች በየቤቱ ተደብቀው ሲዘምሩ ድምፃቸውን የሚሸፍኑት በውቀጣ ነበር። «እዚህ ላይ አውጪው፤ እኔም አብሬሽ ነኝ።»

ልጅቷ እያለቀሰች ወቀጠች፤ እናቷም ሌላ ዘነዘና አንስታ ተቀበለቻት። በጥድፊያ ግን ሙቀጫው ውስጥ ምንም አልጨመሩም ነበር።

አብዮት ጠባቂው ኤርጫፎ ጠመንጃውን እንዳነገተ ዘው አለ። ጎንበስ ብሎ ሙቀጫውን አየ።

«ምኑን ነው የምትወቅጡት? ነፋሱን?»

ጣቢታ ቀና ስትል እናቷ በልቧ «ጌታ ሆይ፣ አፏን ያዝልኝ» አለች።

«ጋሼ፣ አባቴ ናፍቆኝ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ሰውየው ጠመንጃውን አስተካክሎ ወደ በሩ ዞረ። «እንግዲያው እህል ጨምሩበት» አለ ሊወጣ ሲል። «የባዶ ሙቀጫ ድምፅ መንገድ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይለያል።»

ገነቴ በቆሎ ዘግና ጨመረች። ከዚያ እናትና ልጅ እየተቀባበሉ መውቀጣቸውን ቀጠሉ።